ዘጋሁባቸው ተባልኩ

ሰኞ

የኢንተርኔት ኩባንያው ሰውዬ በስልክ ራውተሩን አጥፍተህ አብራው ይለኛል። ዛሬ እንዲህ ያለኝ ሦስተኛው ሰው ነው። አጠፋሁ፣ አበራሁ፣ ነቀልኩ፣ ሰካሁ። ትናንት የእህቴ ኒካህ ላይ ነው የቆረጣችሁብኝ ስለው፣ አሁን ይሠራል ወይ ሰር አለኝ። አሁንማ ይሠራል። አሁን ምን ያደርግልኛል?

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። አባታችን ከሞተ ወዲህ የእህቴ የሀያት ኃላፊ እኔ ነኝ፤ እኔ ካልሰጠኋት ኒካህ አይታሰርም። እነሱ ወራቤ፣ እኔ ደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግ፣ ቤሪያ ሰፈር ዘጠነኛ ፎቅ። ሞባይሌ እዚህ ላይ ኔትወርክ አይስብም፤ የፋይበር ኢንተርኔት ያስገባሁትም ለዚሁ ነው። ሽማግሌው ሁሉ ተሰብስቦ በቪዲዮ እያየኝ የሙሽራውን አጎት፣ ሀጂ ሸምሱን፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩ፦ አግብታ ነርሲንጓን ትጨርሳለች ወይ? ሀጂ መናገር ጀመሩ። አፋቸው እንደተከፈተ ምስሉ ደረቀ። ከዛ ጨለማ።

መንገድ ላይ ወርጄ ብደውል ማንም አያነሳም። እኔ ሙራድ ሀጂ ላይ ስልክ ዘጋሁ ተብሎ ሰው ተበትኗል። መልሳቸውንም አልሰማሁ፣ ኒካሁም ቀረ።

ማክሰኞ

እማዬ ደወለች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። «ዘግተኸው ከሆነ ለእኔ ብቻ ንገረኝ» አለች። የወለደችኝ እናት! ምላሴን አገር ያውቀዋላ፣ ማን ያምነኛል።

ሀጂ ያሉትን ሀያት ነገረችኝ፦ የቆረጠው ኩባንያው ከሆነ ኩባንያው ይናገር። እስከ እሑድ ይጠብቃሉ። ከዛ በኋላ ለልጁ ሌላ ቤት ሽማግሌ ይልካሉ። ሀያት ይኼን ስትነግረኝ ድምጿ ቀጭን ነበር። ልጁን ትወደዋለች፣ አውቃለሁ።

ኩባንያው ደሞ ለደረሰብህ መጉላላት ካሳ ብሎ የሰባት ቀን ክሬዲት ላከልኝ። ክሬዲቱን ጥሎሽ ላይ ልጨምረው? የእኔ ካሳ ወረቀት ነው አልኳቸው። «እሑድ ከሰዓት የቆረጥነው እኛ ነን፣ ይቅርታ።» ፊርማ፣ ማህተም፣ በቃ። እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ አንሰጥም አሉኝ።

ረቡዕ

ሱቄ ውስጥ ስልኩን ትከሻዬና ጆሮዬ መሃል ሰክቼ ብርድ ልብስ ስሸጥ ዋልኩ። ኩባንያዎቹ ጠብቅ እያሉ ሙዚቃ ያሰሙኛል። አንዷ ደንበኛ መደነስ ጀመረች። እንግሊዝኛ ማንም አላስተማረኝም፤ ከሰው ጋር ስጨቃጨቅ የለመድኩት ነው፣ ለጭቅጭቅ ይበቃል። ሱፐርቫይዘር አልኩ፣ የሱፐርቫይዘር ሱፐርቫይዘር አልኩ። አንዱ ዘጋብኝ። እሱ በእውነት ዘጋብኝ።

ማታ ቴክኒሻን መጣ። ያልተበላሸ ነገር ሲነካካ ቆይቶ፣ እንደ ቀልድ፣ እሑድ ምድር ቤት ያለው ሳጥን ውስጥ ለአዲስ ደንበኛ መስመር ሲያስገቡ ያንተን ነቅለውት ነበር አለኝ። ያልከውን ጻፍልኝ አልኩት። «ወንድሜ፣ እኔ መሰላል ነው የምይዘው» ብሎ ሄደ።

ሐሙስ

ዛሬ ከኩባንያው ኖምሳ የምትባል ልጅ አነሳች። ድምጿ የደከመው ሰው ድምፅ ነው። ሳውቦና ሲሲ ብዬ በዙሉ ሰላምታ ጀመርኩ፣ መጮህ ሰልችቶኛል። ኒካህ ስላት አልገባትም። ሎቦላ በለው አልኳት፤ የነሱ ጥሎሽ ነው፣ አጎቶች ተቀምጠው የሚደራደሩበት። አጎቶቹ እያወሩ መስመሩን ቆረጣችሁት፣ እኔ የዘጋሁ መሰላቸው።



«በአጎቶቹ ላይ? እኛ ጋ ቢሆን ትቀጣ ነበር።»

«ምን እየነገርኩሽ ነው ታዲያ!»

ሳቀች። ከዛ ከመቆረጡ በፊት ምን ብለሃቸው ነበር አለችኝ። እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም፣ እዚህም አልጻፍኩትም። ሀጂን ስለ ትምህርቷ ስጠይቅ «እህቴን ያስተማርኳት የእናንተን ድስት እንድታጥብ አይደለም» ብያለሁ። ሽማግሌ ፊት። መስመሩ የሄደው ሀጂ ለዚህ መመለስ ሲጀምሩ ነው።

«ሃይ!» ብላ ገሠጸችኝ ኖምሳ፣ እንደ ታላቅ እህት። መስመርህ መነቀሉ የቴክኒክ ክፍሉ መዝገብ ላይ ካለ እጽፍልሃለሁ፣ ስለ ድስቱ ግን አልጽፍም አለች።

ዓርብ

ከጁምዓ ሶላት ስመለስ የኖምሳ ኢሜይል ገብቷል። ቀኑ አለ፣ ሰዓቱ አለ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው ይላል፣ ይቅርታ ይላል። ማህተም የለውም። ያለ ማህተም ወረቀት ወራቤ ማን ይቀበላል? ብደውልላት ማህተም የሚባል ነገር የለንም አለች። ይህን የሚያህል ኩባንያ!

ኢሜይሉን ወረቀት ላይ አተምኩና የሱቄን ማህተም አወጣሁ። ቀለም ነካሁት። ወረቀቱ ላይ ሳላሳርፈው ቆየሁና መለስኩት። አልዋሸሁም ብዬ አምስት ቀን ከጮህኩ በኋላ አሁን ልዋሽ? እንዳለ ለሀያት ላክሁት።

እሑድ

ሀያት ደብዳቤውን ሽማግሌዎቹ ፊት እየተረጎመች አነበበችው። ማህተሙን ማንም አልጠየቀ። ከዛ ሀጂ ራሳቸው ደወሉ። መንገድ ዳር ቆሜ ነው ያነሳሁት፣ ታክሲው ሁሉ ጥሩምባውን ይነፋል።

«ኩባንያው አንተን ይቅርታ ጠይቋል» አሉ። «አንተስ?»

የተዘጋጀሁበት ንግግር ነበረኝ፣ ረጅም። ጠፋብኝ። «ሀጂ፣ አፉ በሉኝ» አልኩ። ስለ ድስቱ መሆኑን ሁለታችንም አውቀናል።

ደሞ ተቆረጠ ብዬ ስልኩን አየሁት፤ ሰከንዱ ይቆጥራል።

«አፉ ብያለሁ» አሉ። «ትምህርቷን ትጨርሳለች። ያን ቀንም ያልኩት ይኼንኑ ነበር፤ አንተ አልሰማህም እንጂ።»

ኒካሁ ለመጪው እሑድ ተባለ። በዚህ ፋይበር ግን አላስርም። ካትሌሆንግ የሚባል ሰፈር የአጎቴ ልጅ ሱቅ እሄዳለሁ፤ እዛ ኔትወርኩ ቀጥ ያለ ነው ይላል። ይላል እንግዲህ።