ሃያ ሦስት ጊዜ የሰረዝኩት

ውድ ቀዝቃዛ ሩዝ፣

ወንድ ይሁኑ ሴት፣ በዕድሜ ይብለጡኝ ይነሱኝ፣ አላውቅም። እውነተኛ ስምዎንም አላውቅም። የምንገናኘው ኢንተርኔት ላይ፣ ኮድ መጻፍ የሚማሩ ሰዎች ሲቸግራቸው በሚጠይቁበት ሰሌዳ ላይ ነው፤ እርስዎም እዚያ ራስዎን የሰየሙት በተረፈ ምግብ ነው። ስለዚህ እርስዎ እያልኩ እቀጥላለሁ። ሰሌዳው ላይ ሁሉም ለሁሉም እንደዚያ ስለሚል ብቻ አይደለም። የምናዘዘውን ሰምተው ሲጨርሱ እኔን አንቺ የማለት መብት ይኑርዎት ብዬም ነው።

ጥያቄዎቹን የሰረዝኳቸው እኔ ነኝ። ሃያ ሦስቱንም። ሰሌዳው ላይ «ፀጥ ያለ ባሕር» የሚባለው እኔ ነኝ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቡሳን ወደብ አጠገብ ዓሣ በቆርቆሮ የሚያሽግ ፋብሪካ ውስጥ ሠርቻለሁ። የመጨረሻዎቹን ሰባት ዓመታት የመስመር አለቃ ነበርኩ፤ ሠላሳ ሴቶች «አለቃ» ይሉኝ ነበር። ፋብሪካው ሲዘጋ፣ በአርባ ስድስት ዓመቴ፣ የስድስት ወር የኮድ ሥልጠና ገባሁ። ክፍሉ ውስጥ ከእኔ ቀጥሎ በዕድሜ ትልቁ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። በመጀመሪያው ቀን ማንም ሳይጠይቀኝ የክፍል አለቃ አደረጉኝ። አለቃ ደግሞ «አላውቅም» አይልም። ይህ የራሴ በሽታ ነው፣ በማንም አላላክክም።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ጨረታ ላይ የሚወጡ የዓሣ ሣጥኖችን የሚቆጥር ፕሮግራም ጻፉ ተባልን። የእኔው አሥር ሣጥን ሰጥቼው ዘጠኝ ይለኛል። ብለው ብሠራው ዘጠኝ። ሌላው ምሳ ሲወጣ ሰሌዳው ላይ ጠየቅኩ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ መለሱልኝ፦

«ኮምፒዩተር መቁጠር የሚጀምረው ከዜሮ ነው። እርስዎ ከአንድ ስለጀመሩ የመጀመሪያው ሣጥን ዝናብ ላይ ቀርቷል። ያስገቡት።»

ሰላምታ የለ፣ ስንብት የለ። በምሳ ሰዓትዎ አስቸገርኩዎት ብዬ ይቅርታ ስጠይቅ ደግሞ፣ «ሥራ ፈላጊ የምሳ ሰዓት የለውም። ሲቸግርዎ ይጠይቁ» አሉኝ።

መልስዎን ደብተሬ ላይ ቃል በቃል ገለበጥኩት፤ በእጄ ካልጻፍኩት አይገባኝም። ከዚያ ጥያቄዬን ሰረዝኩ። ለምን ቢሉ፣ አጠገቤ የምትቀመጠው ሱልቢ፣ የሃያ አራት ዓመት ልጅ፣ ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የምትከፍተው ይህንኑ ሰሌዳ ነው። «ሣጥን» የሚል ቃል ካየች የማን ጥያቄ እንደሆነ ወዲያው ይገባታል። የክፍል አለቃዋ መቁጠር አቃታት ሊባል ነው።

ለእንደኔ ዓይነቱ ሰሌዳው ስም አውጥቶለታል፣ «በልቶ ሯጭ»። ጥያቄው ሲሰረዝ ሥሩ ያለው መልስ አብሮት እንደሚጠፋ አውቅ ነበር። ግን ሰሌዳውን የሞላው በልቶ ሯጭ ነው፤ አንድ እኔ ብጨመር ምን ይጎድላል አልኩ። አንዴ ሲለመድ ደግሞ እጅ ራሱ ይሄዳል። ጠየቅኩ፣ ገለበጥኩ፣ ሰረዝኩ። አምስት ወር።

የባሰውን ልንገርዎት። ሱልቢም ያንኑ ሣጥን ስታጣ «ዝናብ ላይ ቀርቷል፣ አስገቢው» አልኳት። ልጅቷ አጨበጨበች።

«እትዬ ሚኦክ! ይኼ እኮ ከመምህር ቻ ይበልጣል! ከየት አመጡት?»

«ከዕድሜ» አልኳት።

ከዚያ ወዲያ ክፍሉ በሙሉ እኔ ዘንድ ይሰለፍ ጀመር። እኔም ማታ ከእርስዎ የለመንኩትን ጠዋት እንደ ራሴ አድርጌ አድል ነበር። የበላሁበትን ወጪት ሰባሪ መሆኔን ልቤ ያውቅ ነበር፣ ግን መከበር ይጣፍጣል።

እርስዎ ያን ጽሑፍ የለጠፉበት ዓርብ የመጨረሻ ሥራችንን የምናቀርብበት ቀን ነበር። ሠራተኛ የሚፈልጉ የኩባንያ ሰዎች ከሰዓት ይመጣሉ፤ የእኔ ተራ አሥር ሰዓት ላይ ነበር። ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሱልቢ ስክሪኗ ላይ እንዳፈጠጠች «ስሙ፣ ስሙ፣ ስሙ» አለችና የእርስዎን ጽሑፍ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው፦

«ጠይቀው ለሚሰርዙ። ዲግሪ የለኝም። ሦስት ዓመት ሥራ ፈልጌአለሁ። አንድ ኩባንያ የሠሩትን ያሳዩን ሲለኝ፣ እዚህ የመለስኳቸውን ሠላሳ ጥያቄዎች አድራሻ ላክሁ። ትናንት ደወሉልኝ። ከሠላሳው ሃያ ሦስቱ ሲከፈቱ ‹ተሰርዟል› ይላሉ። ፈጥረው ነው እንዴ የላኩልን አሉኝ። እስከ ዛሬ ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ካላሳየሁ ከውድድሩ እወጣለሁ። መልሶቹን ሌላ ቦታ አላስቀመጥኳቸውም። እናንተ ጋ ያሉ መስሎኝ ነበር።»

ከሥሩ የኩባንያውን ስም ጽፈዋል። ክፍሉ ተንጫጫ።

«ሃያ ሦስት! ሰው ነው ጅብ?»

«ብዙ ሰው ይሆናላ።»

«ብዙም ይሁን አንድ፣ ጣቱን ነበር መቁረጥ!»

«እትዬ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?»

«ነውር ነው» አልኩ።

ይህን ከአፌ አውጥቼ ስሰማው ተነሣሁ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ ደብተሬን ገለጥኩ። ሁሉም አሉ፣ ከአንድ እስከ ሃያ ሦስት፣ ቀን ተጽፎባቸው። እንደገና ልለጥፋቸው እችላለሁ። በፀጥ ያለ ባሕር ስም ብለጥፋቸው ግን ጠርጥሮ የተነሣው የኩባንያው ሰው ምን ይላል? ጠያቂውም መላሹም አንድ ሰው ነው፣ ዛሬ ቁጭ ብሎ ፈጠረው ይላል። ደውሎ የሚያገኘው ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ ስልኬን ከፍቼ የሰሌዳ ስሜን ፕዮ ሚኦክ ብዬ ቀየርኩ፤ የማሠልጠኛውን ስምና ስልክ ቁጥሬን ጨመርኩ። ቁጥሬን ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩት። ከዚያ ከእርስዎ ጽሑፍ ሥር እንዲህ አልኩ፦ «የሰረዝኳቸው እኔ ነኝ። በእጅ የገለበጥኩት አለኝ። አዲሶቹን አድራሻዎች እዚሁ ሥር አደርጋለሁ። እባክዎን ለኩባንያው ይላኩላቸው።»

አልመለሱልኝም። ወንበሬ ላይ ተመልሼ መጻፍ ጀመርኩ።

ዓሣ በመደርደር የኖረ ጣት ኮምፒዩተር ላይ ምን ያህል እንደሚፈጥን ያውቁታል። ምሳ ሲደርስ ሰባት ብቻ ጨርሻለሁ። ሱልቢ የሩዝ ጥቅልል፣ ኪምባፕ፣ ይዛ መጣች።

«እትዬ፣ አይበሉም እን…»

ስክሪኑን አየችው። ደብተሩን አየችው።

«ይኼ ለእኔ ያስረዱኝ አይደል? የዝናቡ?»

«ነው።»

«ከዕድሜ ነው አላሉኝም?»

«ዋሽቼሽ ነው።»

ዓይኗ እንባ ሞላ። በጥፊ ብትመታኝ ይቀለኝ ነበር። ኪምባፑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወጣች፤ ስምንት ሰዓት ላይ የራሷን ሥራ አቀረበች፤ ተመልሳ መጥታ ወንበሯን ስባ ደብተሩን ከፊቴ አነሣችው።

«እርስዎ አንዴ ደብተር አንዴ ስክሪን ሲያዩ እስከ ነገም አይጨርሱ። እኔ ላንብብ፣ እርስዎ ይጻፉ። ግን ተቆጥቻለሁ፣ ታርቀናል እንዳይመስልዎት!»

«አይመስለኝም።»

«ቁጥር አሥራ አንድ…»

እንዲህ እያልን ሄድን። አሥር ሰዓት ሲሆን መምህር ቻ በሩ ላይ ብቅ አሉ።

«ወይዘሮ ፕዮ፣ ተራዎ ነው። ሰዎቹ ተቀምጠው እየጠበቁ ነው።»

«መምህር፣ እኔን ይለፉኝ።»

«ይለፉኝ? የአውቶቡስ ሰልፍ መሰለዎት? ካላቀረቡ የምስክር ወረቀት የለም። እኔም ላደርግልዎ የምችለው ነገር የለም።»

«አውቃለሁ።»

«ስድስት ወር ሙሉ እኮ ነው የለፉት!»

ስድስት ወር የለፋሁት በሰው መልስ ነው ልላቸው ፈልጌ ነበር። ሱልቢ ከደብተሩ ቀና ሳትል «ዘጠኝ ይቀረናል መምህር» አለቻቸው። ሰውየው ግራ ገብቷቸው በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

ቁጥር አሥራ ሰባትን ስናልፈው፣ ወደ መጨረሻ እንመለስበታለን ብለን ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተመለስንበት። ያስታውሱታል? ከዝርዝሬ ውስጥ የበሰበሱትን ሣጥኖች አስወግድ የተባለው ፕሮግራሜ አንዳንዱን ሳያይ ያልፍ ነበር። እርስዎ «እየቆጠሩ ሲሰርዙ፣ አንዱ በወጣ ቁጥር የቀሩት ወደ ፊት ይጠጋሉ፤ እርስዎ ግን ወደሚቀጥለው ስለሚራመዱ አንዱን ይዘሉታል። መፍትሔው፦» ብለው ጽፈዋል። ከ«መፍትሔው» በኋላ ያለው ላይ የኪምቺ ወጥ ደፍቼበታለሁ። ቀይ ነጥብ ብቻ ነው የሚታየው።

«እኔ አውቀዋለሁ» አለች ሱልቢ። «አንድ መስመር ናት፣ ልሙላት።»

«የእሳቸው ቃል አይሆንማ።»

«ማን ያውቃል?»

«እኔ።»

ሱልቢ ደብተሩን ዘጋችው። ከዚያ «ባዶ ይተዉት» አለች። «እዚህ ላይ ደብተሬ ወጥ ፈስሶበት አይነበብም፤ ቀሪውን የሚያውቁት ጸሐፊው ብቻ ናቸው» ብዬ ጻፍኩና ለጠፍኩት። ሰዓቱ አሥራ አንድ ከአርባ ነበር።

እያንዳንዱ ጥያቄ ጎን ስንት ሰው እንዳየው የሚቆጥር ቁጥር አለ። የሁሉም ዜሮ ነው። ክፍሉ ውስጥ ወሬው ደርሶ ሁሉም ስልኩን ሲያወጣ ሱልቢ ወንበር ላይ ቆመች።

«ማንም እንዳይከፍት! ቁጥሩን ያበላሸ ከእኔ ጋር ነው ጉዳዩ!»

አሥራ አንድ ከሃምሳ። ዜሮ። አሥራ አንድ ከሃምሳ ሦስት። ዜሮ። መልእክቴን አላዩት ይሆናል አልኩ፤ ተስፋ ቆርጠው ስልክዎን ዘግተው ተኝተው ይሆናል አልኩ። ልክ አሥራ አንድ ከሃምሳ አራት ላይ ቁጥር አንድ ጎን ያለው ዜሮ አንድ ሆነ። ቀጥሎ ሁለተኛው። ሦስተኛው። አንድ ሰው የሆነ ቦታ ተቀምጦ በተራ እየከፈተ ነው። ሱልቢ ክንዴን ጨምቃ ይዛኛለች። አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት፤ እዚያ ላይ ቆመ። ባዶውን መስመር እያየ ነው። እንደዚያች አራት ደቂቃ የረዘመ ነገር በዕድሜዬ አላየሁም። ከዚያ አሥራ ስምንት። ሃያ ሦስተኛው ሲከፈት ሰዓቱ አሥራ ሁለት ከሦስት ነበር።

ስልኬ አልጮኸም። እርስዎም አልጻፉም።

ማክሰኞ ኩባንያው ያለፉትን ሰዎች ዝርዝር ድረ ገጹ ላይ አወጣ። አሥራ አንድ ስም፣ ማንነታቸው እንዳይለይ እንደተለመደው የስማቸው መካከል በኮከብ ተሸፍኖ፦ ናም ኮከብ ጂን፣ ቦንግ ኮከብ ሁ… አንድ በአንድ አነበብኳቸው። ቢኖሩበትም ባይኖሩበትም የማውቅበት መንገድ የለኝም። አምስት ወር ሙሉ ያስተማረኝን ሰው ስሙን እንኳ ሳልጠይቅ መቅረቴ ያን ቀን አንገበገበኝ።

እኔ የምስክር ወረቀት አልተሰጠኝም። በመጋቢት እንደገና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ሱልቢ ሥራ አገኘች፤ ኩርፊያዋ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልለቀቃትም፣ ግን ደወለችልኝ። ትናንት ሰሌዳው ላይ አንዲት ሴት ቆጠራዋ በአንድ እየጎደለ መቸገሯን ጻፈች። የመጀመሪያው ሣጥን ዝናብ ላይ ቀርቷል ያስገቡት አልኳትና፣ «ይህን ያስተማሩኝ ቀዝቃዛ ሩዝ ናቸው» ብዬ ጨመርኩ። ጥያቄዋን እንዳትሰርዝም ለመንኳት።

ይቅርታ ያድርጉልኝ አልልም። ይቅርታ መጠየቅ እንደገና መልስ መለመን ይሆንብኛል። ያጠፋሁብዎትን እንዳወቅሁ ብቻ ይወቁልኝ።

ትናንት ደብዳቤውን እዚህ ላይ አቁሜ አድሬ ነበር። ዛሬ ከሰዓት ልለጥፈው ሰሌዳውን ስከፍት ቁጥር አሥራ ሰባት ሥር አዲስ ጽሑፍ አየሁ። የተጻፈው ዛሬ ስድስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ነው። ሰላምታ የለውም፦

«መፍትሔው፦ ከኋላ ወደ ፊት ይቁጠሩ። ያኔ አንዱ ቢወጣ ገና ያላዩትን አያንቀሳቅሰውም። የምሳ ሰዓቴ እያለቀ ነው፣ ልሂድ።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መስመሩ መሙላቱን ብቻ አይቼ ደስ ብሎኝ ነበር፤ በሦስተኛው ነው የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልብ ያልኳት። የምሳ ሰዓት አለዎት! ለሱልቢ ደውዬ ማውራት አቅቶኝ ስልኩ ላይ አለቀስኩ።

ደብዳቤውን እንዳለ እለጥፈዋለሁ። አልሰርዘውም። ቢቀየሙኝም ከሥሩ ይጻፉ፣ እሱንም አልሰርዘውም። አሁን ወደ ሥራዎ ይመለሱ።

ፕዮ ሚኦክ፣
ያለ ኮከብ