በአጥንትህ አስምላኛለች

አስማረ ሆዴ፣

እንደምን ከረምክ አልልህም፤ መልስ እንደማይመጣ አውቃለሁ። እኔ መቼስ አለሁ። ከተለየኸን መንፈቅህ አልፎ ወደ ሙት ዓመትህ እየተጠጋን ነው። ደምበጫ ያሉት እህትህ እትዬ የሺ ተዝካሩን እንዴት እንደምናወጣው በየሳምንቱ እየደወሉ ይጨቀጭቁኛል፤ ሰው መሰብሰብ ክልክል ነው ብላቸው አይሰሙኝም። ይህን የምጽፍልህ ግን ስለ ተዝካር አይደለም። በስምህ የገባሁት ቃል አለ፤ ለአንተ ሳልነግር ላፈርሰው ፈራሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ስንት ጊዜ ነገ እሠራዋለሁ ያልከውን የኩሽና በር አናጢ ጠርቼ አሠራሁት፣ ከምሳ በፊት ጨረሰው፤ ቅር እንዳይልህ። የዝናብ ልብስህን ለሰፈሩ ዘበኛ ሰጠሁት። አንዳንድ ቀን ከኋላው ሳየው አንተን ይመስለኛል፤ ምነው ባልሰጠሁ እላለሁ። ትምህርት ቤት ተከፍቷል፤ ልጆቹን ለሁለት ከፍለን በፈረቃ እናስተምራለን። ሁሉም አፉን ሸፍኖ ስለሚቀመጥ ማን እንደሚያወራ አላውቅም፤ ዝም ብዬ መስኮት አጠገብ ያለውን እቆጣለሁ።

ዋናው ለውጥ መቅደስ ናት። ልጅህ ነርስነቱን ጨርሳ ሥራ ገባች። የመደቧት አንተ የሠራህበት፣ ከከተማው ዳር ያለው የኮሌጅ ማደሪያ ነው፤ የኮቪድ ሕሙማን የሚተኙበት። በሽታው ሄደ ብለን ማስኩን ኪሳችን ስንከት እሱ ተመልሶ መጣ፤ ከፊተኛውም ብሶ። አልጋው ሁሉ ሞልቷል ይላሉ። እሷን ደግሞ እንዳንተ ረጋ ያለ ድምፅ አላት ብለው ስልኩን ሰጧት፤ ለሕሙማኑ ቤተሰብ የምትደውለው እሷ ናት። ሹመት ያገኘች ያህል ደስ ብሏት ነበር የነገረችኝ። እኔ ግን ፈራሁላት።

ያ ስልክ አንተን ምን እንዳደረገህ አይቻለሁና። በእኛ አገር መርዶ በአንድ ሰው አፍ አይነገርም። ሽማግሌው፣ ቄሱ፣ ጎረቤቱ ተጠራርቶ በማለዳ ይሄዳል፤ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይደግፋል፣ ሴቶቹ ይይዛሉ፤ ያረዳውም ሰው አብሮ አልቅሶ ይወጣለታል። አንተ ግን ለብቻህ፣ ያንን የላስቲክ ልብስ ሳታወልቅ፣ ቁይ ገበያ መሐል ለቆመ ልጅ አባትህ ዐረፉ ትለው ነበር። ሲጮኽ ትሰማዋለህ፤ አጠገቡ የሚይዘው ሰው ይኑር አይኑር አታውቅም። ከዚያ ወደሚቀጥለው ትደውላለህ። ቤት መጥተህ ገበታ ስትቀርብ ከንፈርህ ይንቀሳቀስ ነበር። ጸሎት መስሎኝ ነበር፤ ለካ የምትናገረውን ትለማመድ ኖሯል።

ደምበጫ የሄድክበትን ቀን መቼም አልረሳውም። የዕረፍት ቀንህ ነበር፤ እህቴን ልጠይቅ ብለህ ስኳርና ሻይ ቅጠል ይዘህ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄድክ። በዚያ ማለዳ አንተን፣ መርዶ ነጋሪውን፣ ደጃፋቸው ላይ ሲያዩ እትዬ የሺ ምን ይበሉ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ዋይ አሉ። ጎረቤቱም ተከተላቸው። ማን ሞተ ሳይባል ግቢው በለቅሶ ተሞላ፤ አንተ ስኳርህን እንደያዝክ መሐል ላይ ቆመሃል። የሞተ የለም ብለህ ብትምል ማን ይስማህ። በዚያው ቀን ተመልሰህ እየሳቅህ አጫወትከኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ያንተ ሳቅ ግን ማብቂያ አጣ፤ እንባህ እስኪወርድ፣ ትንፋሽ እስኪያጥርህ ሳቅህ። ከዚያ ወዲያ የማንንም ደጅ አልረገጥክም።

ለእኔ ስትደውል እንኳ ሰላምታውን ትተህ ደህና ነኝ፣ ማንም አልሞተም ብለህ መጀመር ለመድክ። ጨው ግዢ ለማለት ነው እኮ። አንዱ ቡዳ በልቶታል አለ፣ ሌላዋ ጠበል ውሰጂው አለች፣ ድካም ነው ያለም ነበር። ሁሉም የመሰለውን አለ። ትኩሳቱ ሲጀምርህም ለማንም ሳትናገር ዋጥ አድርገህ ሥራ ገባህ። እኔ ከቀረሁ ያንን ስልክ ማን ይይዘዋል ትል እንደነበር የሰማሁት ከቀበርንህ በኋላ ነው። ያረፍክ ዕለት ባልደረባህ ደውላልኝ ገና ስሜን ስትጠራ ነገሩ ገባኝ። ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። የሚይዘኝ ሰው ስላልነበረ የልብሱን ገመድ ያዝኩ።

አሁን መቅደስ አንተን እየሆነች ነው። ጫማዋን ደጅ ታወልቃለች፣ እጇን እስኪላጥ ትታጠባለች፤ እሱ ግድ የለም፣ ባልደረቦቿም እንደዚያው ናቸው። የሚያስፈራኝ ሌላው ነው። የጎረቤት ስልክ ቢጮኽ እንኳ ትከሻዋ ሽምቅቅ ይላል። አልጋ ላይ ትወጣለች እንጂ አትተኛም። በቀደም አንዲት እናት የልጃቸውን መርዶ ሲሰሙ አልጮኹም፣ እግዜር ይስጥልኝ ልጄ ብለው ዘጉት አለችኝ። እየሳቀች ነው የነገረችኝ፤ ያንኑ ሳቅ።

እሑድ ዕለት ፀጉሯን ስሠራላት ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳደረገች፣ እማዬ፣ እኔ ውስጥ ሰው የለም፣ የሚናገረው አፌ ብቻ ነው አለችኝ። አንዳንዴም እዚያው ከሕሙማኑ ጋር ተኝቼ ብቀር እላለሁ አለች። ልጠይቃት ስል ዘወር ብላ እጄን ያዘችና ለማንም እንዳልናገር አስማለችኝ። ከተነገረ ደካማ ይሏታል፤ እሷ ከሥራው ከወጣች ደግሞ አብራት የምትሠራው ጓደኛዋ ብቻዋን ትቀራለች። በምን እንዳስማለችኝ ልንገርህ? የአባዬ አጥንት ይውጋኝ በይ አለችኝ። እያየችኝ ሌላ ምን አደርጋለሁ፤ አልኩ።

ዛሬ ጠዋት አልጋዋን ሳነጥፍ ትራሷ በላብ ርሶ አገኘሁት። ቁርሷን አልነካችም። ጓሮ ቆማ ስታስል ሰምቼ ብጠራት አቧራ ነው ብላ ሄደች። እሷም ዋጥ አድርጋ ሄደች ማለት ነው።

ስለዚህ አስማረ፣ ይህን እንደጨረስኩ ወደምትሠራበት ግቢ እሄዳለሁ። ዘበኛው አላስገባም ካለኝ በሩ ላይ ቁጭ እላለሁ። ልጄ ታማለች፣ ሰውነቷም መንፈሷም ታሟል፣ ያንን ስልክ ውሰዱላት፣ ሐኪም ይያት እላቸዋለሁ፤ በሰው ፊት እላለሁ። መርዶ የሚነገር ከሆነም የእድሩ ሰዎች ራቅ ብለው ደጅ ላይ ቆመው ይንገሩ፤ ያ ሁሉ ሬሳ በአንዲት ልጅ አፍ አይወጣም። ከእንግዲህ እናቴ አይደለሽም ብትለኝም ትበለኝ።

ተዝካርህን አወጣለሁ፤ ሰው ባይሰበሰብ ለነዳያን ብቻም ቢሆን እዘክርሃለሁ። አንተን እስክሞት አስታውስሃለሁ፤ እሱ አያቅተኝም። እሷን ግን ማስታወስ አልፈልግም፤ ማየት ነው የምፈልገው። አጥንትህ የሚወጋኝ ከሆነም ይውጋኝ።

ሚስትህ እናኑ