ሐጂ ቆጣሪውን ሲያጠፉት

ሐሙስ፣ ኅዳር 18፣ አዳማ

ተጨማሪ ስክሪኑን ዛሬ ገዛሁ። ተመስገን! ከእንግዲህ ኦሮምኛውን በአንዱ፣ የምተረጉምበትን አማርኛ በሌላው ከፍቼ እሠራለሁ። በዚች ትንሽ ላፕቶፕ አንዱን ስከፍት አንዱን ስዘጋ፣ መስመር እየዘለልኩ ስንቴ ተናድጃለሁ!

ልቤ ያረፈው ትልቁ ላይ ነበር። ባለሱቁ ሐጂ ትልቁንም ትንሹንም ከላፕቶፔ ጋር አገናኝተው አሳዩኝ። ትልቁ ሲያምር! "ይኼን ነው የምወስደው" አልኳቸው።

"ቆይ ልጄ" ብለው ተነሡና ቆጣሪውን አጠፉት። ሱቁ ጨለም አለ። ስልክ ሊገዙ የቆሙት ሰዎች "ኧረ መብራት!" ብለው ጮኹ። ትልቁ ስክሪን ድርግም ብሎ ጠፋ። ትንሹ ግን ከላፕቶፑ ባትሪ ስለሚወስድ እንደበራ ቀረ።

"እናንተ ሰፈር መብራት አይጠፋም እንዴ?" አሉኝ። ሳቄ መጣ። ውዱን ሸጠው ማትረፍ ሲችሉ ርካሹን አስያዙኝ። "ባትሪሽን ግን ቶሎ ይጨርሰዋል፤ ብርሃኑን ቀነስ አድርጊው" ብለው አደራ አሉኝ።

አመሻሽ ላይ ሥራ እንደጀመርኩ መብራት ሄደ። ስክሪኑ ንቅንቅ አላለም። ምስር ስትለቅም የነበረችው እማዬ ሰፌዷን ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

"እስቲ ትንሽ ወደ እኔ አዙሪው" አለችኝ።

አዞርኩላት። ኦሮምኛውን ዘግቼ ባዶ ነጭ ገጽ ከፈትኩላት። ሐጂ ይቅር ይበሉኝ፣ ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ጨመርኩት።