በሽቦው ጫፍ የወጣችው ጸሎት

ጳጉሜ 2

የሦስተኛ ፎቋ ሴትዮ ሽንት ቤት ዛሬም ተደፈነ። ፀጉር፣ ጥጥ፣ የልጅ ካልሲ... "እኛ ምንም አልጣልንም" አለች። ማንም ምንም አይጥልም! ሃያ ሁለት ዓመት ቧንቧ ስሠራ "እኔ ነኝ" ያለ ሰው አላጋጠመኝም። ውሃ ጠየቅኋት። በላስቲክ ኩባያ ሰጠችኝ። ጠጥቼ ስመልስላት "አይ፣ ውሰደው" አለች። ኩባያውን! ኤጭ።

ማታ ባለቤቴ፣ "በአዲስ ዓመት ቤተ ክርስቲያን አብረን እንሂድ?" እራቴን መብላት ቀጠልኩ። "ለእኔ ስትል..." እጄን ልታጠብ ተነሳሁ።

ጳጉሜ 4

ከቤተ ክርስቲያን ለምን እንደቀረሁ ጽፌው አላውቅም። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

እናቴ የተቀበረች ቀን ነው። ቀብሩ ከሰዓት ነው ተብዬ ጠዋት የፈነዳ የፍሳሽ ቱቦ ስጠግን ሰዓቱ ተቀየረ ብለው ደወሉ። ሳልታጠብ ሮጥኩ። ሳጥኑን ልሸከም ትከሻዬን ሳስጠጋ ጋሼ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተሩ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት "አንተ ተው፣ ትሸታለህ" አለኝ።

እናቴን አልተሸከምኳትም። ከኋላ ከኋላ ተከተልኩ። ጸሎቱን የመራውም ራሱ ጋሼ ነበር። ሁሉም አሜን ሲል እኔ አላልኩም። ከዚያ ወዲህም ብዬ አላውቅም። አራት ዓመት። ከጋሼም ጋር ቃል አልተነጋገርንም።

መስከረም 1

ሄድኩ። ለባለቤቴ ስል። ሦስቴ ታጥቤ፣ ጥፍሬን በብሩሽ ፈትጌ።

ፓስተሩ "ዛሬ እምነታችሁን አድሱ!" እያለ ላብ በላብ ሆነ። ወረቀትና ሰማያዊ እስክርቢቶ ታደለ። "የልባችሁን ጻፉ። እያንዳንዷን ወረቀት በእጄ ይዤ አርባ ቀን እጸልይባታለሁ" አለ። እንባውም መጣ። ባዶዋን አጥፌ ልሰጥ ነበር... ምን እንደነካኝ እንጃ። እርሳሴ በልማድ ጆሮዬ ላይ ናት፣ እሷን አወጣሁ። "ወንድሜን ይቅር ማለት አልፈልግም። እንድፈልግ አድርገኝ" ብዬ ጻፍኩ። መድረኩ ሥር የተቀመጠው የጸሎት ሳጥን ውስጥ ከተትኳት።

ስወጣ ቀለል አለኝ። በደንብ ነው የቀለለኝ።

መስከረም 3

ሦስተኛ ቀን። ዛሬስ የእኔዋን ይዟት ይሆን?

መስከረም 6

ሞኝ! ሞኝ ነኝ!

ጠዋት ፓስተሩ ደወለ። "ወንድሜ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽንት ቤት ሞልቶ ፈሰሰ። ለጌታ ሥራ ብለህ..." ለጌታ ሥራ ማለት በነፃ ማለት ነው። ይሁን ብዬ ሄድኩ። ፍሳሹ ኮሪደሩን ይዞታል። ረጅሙን ሽቦ ሰደድኩ፣ አንድ ለስላሳ ነገር ያዘ። ጨርቅ መሰለኝ። ሳብኩ።

ወረቀት። የታጠፈ ወረቀት... እፍኝ እፍኝ እያወጣሁ ባልዲ ሙሉ። ሰማያዊው ቀለም ፈሶ አንድ ቃል አይነበብም። ያ ሁሉ ሰው ያለቀሰበት፣ ከምን ጋር ተለውሶ... አልጽፈውም። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬ አቅለሽልሾኝ አያውቅም። ዛሬ አቅለሸለሸኝ።

የእኔዋንም አገኘኋት። እርሳስ ውሃ አይፈራም። "እንድፈልግ አድርገኝ" ትላለች ቁልጭ ብላ።

ፓስተሩን ጠራሁት። አፍንጫውን በመሀረብ ይዞ ከሩቅ ቆመ።

"ምስጢር ነው ብዬ እኮ ነው፣ ሰው እንዳያነባቸው..."

"ጸለዩባቸው?"

"በጅምላ ጸልያለሁ።"

በጅምላ! እንደ ሽንኩርት! "አርባ ቀን ያሉትስ?" አልኩት።

"ጌታ ልብን ያያል፣ ወንድሜ። ደግሞ ይሄን ለሰው እንዳታነሳ፣ ምእመናን ይሰናከላሉ።" መለስ ብሎም፣ "እጅህን ስትታጠብ የውጪውን ቧንቧ ተጠቀም፣ እሺ?"

ላዩ ሲያምር "ውስጡን ለቄስ" ይላሉ። ለቄስ አይደለም፣ ለቧንቧ ሠራተኛ ነው። አስጠላኝ። እሱም፣ መሀረቡም። ከሁሉ ከሁሉ ግን እሱን በማመኔ የገዛ ራሴ አስጠላኝ።

መስከረም 7

ለባለቤቴ ነገርኳት። የእሷም ወረቀት ባልዲው ውስጥ ነበረች። ታለቅሳለች ብዬ ነበር፣ አላለቀሰችም።

"እኔ ስጽፈው እግዜር ሰምቶኛል። እሳቸው ፖስተኛ ናቸው እንዴ?"

"የእኔንስ ማን ይጸልይልኝ?"

"አንተ ነሃ! አፍ የለህም?"

ከባልዲው ለይቼ ያመጣኋትን የእኔን ወረቀት በሳሙና አጥቤ መስኮቱ ላይ አሰጣኋት። አሁንም ትሸታለች።

መስከረም 9

ሞከርኩ። ተንበርክኬ። ከአፌ የወጣው "ጋሼ ያስጠላኛል" ብቻ ነው። ደግሜ ደጋግሜ እሱኑ አልኩ። ይሄም ጸሎት ይባላል?

መስከረም 12

ከሥራ ቀጥታ ወደ ጋሼ ቤት ሄድኩ። ሳልታጠብ። ሆን ብዬ! እስቲ ደግሞ "ትሸታለህ" ይበለኝ ብዬ።

በሩን ራሱ ከፈተ። ሸብቷል። ከላይ እስከ ታች አየኝ፣ አፍንጫው ተሸበሸበ። ይኸው፣ አልኩ በሆዴ። ልመለስ ስል "ግባ" አለኝ።

የወጥ ቤቱ ሲንክ እስከ አፉ ሞልቶ ጠቁሯል። ሽታው ከእኔ ይብሳል። "መቼ ነው የተደፈነው?" አልኩት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

"ሁለት ሳምንት ሆነው።"

"ሰው አትጠራም?"

"ስልኩን አነሳለሁ... ወንድሜ ቧንቧ ሠሪ ሆኖ ሌላ ሰው ልጥራ? አፍሬ እተወዋለሁ።"

"ለእኔስ አትደውልም?"

ባልዲ አምጥቶ አጠገቤ አስቀመጠ።

ከሲንኩ ሥር ገባሁ። ከኋላዬ "ምን ላግዝህ?" አለ። ባልዲውን ያዝ አልኩት። በነጭ ሸሚዙ መሬት ላይ ተንበረከከ። ቱቦውን ስፈታው ያ ጥቁር ዝቃጭ ዷ ብሎ ወረደ። እጁ ላይ፣ እጅጌው ላይ።

"ያን ቀን... እናታችንን..." ብሎ ጀመረ።

"ጋሼ፣ ቀጥ አርገህ ያዝ፣ ይፈሳል!" አልኩት። ይቅር ብዬዋለሁ? እንጃ። አፍንጫውን ሲሸበሽብ አሁንም ያበግነኛል።

የመጨረሻው ሲወርድ ጋሼ ፊቱን አዞረና አስመለሰው። ባልዲውን ግን አልለቀቀም።

አሜን አልኩ።