የሱሊን እናት አውራ ዶሮ

ይድረስ ለወንድሜ ለኡንጋት። የሚሪ ወደብ ሥራ እንዴት ይዞሃል? ወንዙ ከጎደለ ወዲህ እኛ ደህና ነን፤ ሩዙም ዘንድሮ ጥሩ ፍሬ ይዟል።

እንግዲህ የጀግና ሚስት ሆኛለሁ! ባለቤቴ ንገላይ ኩቺንግ ከተማ ድረስ ተጠርቶ ከወታደሮች ጋር ተሰለፈና አገረ ገዢው የጀግንነት ሜዳሊያ ደረቱ ላይ ሰካለት። ጀልባዋ በጎርፍ የተገለበጠች ዕለት የሱሊንን እናት ከወንዝ አውጥቷል ተብሎ ነው። አንተም እኮ እዚያው ጀልባ ላይ ነበርክ፤ በማግስቱ ሳትሰናበተኝ ሄድክ እንጂ።

ሜዳሊያውን ግን ሣጥን ውስጥ ቆልፎበታል። «ግድግዳ ላይ ስቀለውና ሰው ይየው እንጂ!» ስለው፣ «አርፈሽ ተቀመጪ» ይለኛል።

ወጋችንን ታውቀዋለህ፤ ከወንዝ የተረፈ ሰው ባወጣው ሰው ራስ ላይ አውራ ዶሮ ካላዞረ የሁለቱም ነፍስ አታርፍም። የሱሊን እናት እስከ ዛሬ ደጃችን ድርሽ አላለችም። ትናንት ቤቷ ብሄድ ግን ቀይ አውራ ዶሮ ስታደልብ አገኘኋት።

«ለኛ ሰውዬ ነው?» አልኳት እየሳቅሁ።

እሷ አልሳቀችም። «ወንድምሽ መቼ ነው የሚመጣው?» አለችኝ።

ይህንኑ ለንገላይ ስነግረው እራቱን ትቶ ተነሳ። «ዓሣው ጨው በዝቶበታል» አለ። ጨው ጨርሶ ረስቼው ነበር።

እኔ ምንም አልጠይቅህም። የአባቶቻችን መንፈስ ይጠብቅህና ለመከር በዓላችን ለጋዋይ ና። ስትገባ ግን ያን ከራስህ የማይወርድ ኮፍያህን ደጅ ላይ አውልቀው።

እህትህ ሌሚያ