በማማው ውስጥ የክሌም ጡብ

ኮልተን ላንዲንግ፣ ኦሃዮ
ኦክቶበር 9 ቀን 2009

ውድ ክሌም፣

የአሪዞና ደረቅ አየር ደረትህን ሻል አድርጎልሃል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ፣ ጉልበቴን ካልጠየቅከኝ። አንድ ነገር ልንገርህ፣ እንዳትደነግጥ፦ ማክሰኞ ዕለት ሞተህ ነበር።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልጀምርልህ። ፊት ለፊታችን ያለው እሳት አደጋ ጣቢያችሁ እየታደሰ ነው። በፈረስ ዘመን የተሠሩት ሁለቱ ቅስት በሮች ጥላሸታቸው ታጥቦ ጡቡ ወጣ፤ ለካስ ቀይ ኖሯል! ከጣራው ሥር ተደርድረው የወጡት፣ አንተ «የአሮጊት ጥርስ» የምትላቸው ጡቦችም ሙሉ ሆነዋል። እርጥብ ቱቦ የምትሰቅሉበት ማማ ግን አሳዘነኝ። ቱቦው አሁን በማሽን ስለሚደርቅ እዚያ የሚሰቀል ነገር የለም፤ ውርጭ ሳይገባ በሩ በጡብ ሊደፈን ነው።

አዲሱ አለቃ ቶሊቨር ከሌላ ከተማ የመጣ ደግ ሰው ነው። ማማው ከመዘጋቱ በፊት ግድግዳው ላይ ያሉትን ስሞች ሲያነብ ያንተን ያጣል። ተረስተሃል ብሎ አዘነልህና ስምህን አንድ ጡብ ላይ በግንበኛው መሮ በሚያምር ፊደል አስቀረጸልህ። ማን ይንገረው? ጡረታ የሚወጣ ሰው በመጨረሻ ቀኑ በገዛ እጁ ስሙን በምስማር ይጭራል። በመሮ የሚቀረጽለት የሞተ ነው።

ጣቢያውን ሳይሳለም የማይውለው ጓደኛህ ኦጊ ይህን ያያል። ብዙም ሳይቆይ ባርኔጣውን በብብቱ፣ ለለቅሶ ቤት የሚወሰደውን የአሳማ ጭን ጥብስ በእጁ ይዞ ደጄ ላይ ቆመ።

«ቨርናዬ፣ እኛ ባዳ ነን? ለምን አልነገርሽንም?»

«ምኑን?»

«ክሌምን ነዋ! መቼ ነው ያረፈው?»

ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ድምፅህን ከሰማሁ ሁለት ወር አልፎኛል። አሪዞና ያስጠጋችህ እህትህ ሮዝ መጀመሪያ ለጣቢያው ደውላ ይሆናል ብዬ አመንኩት፣ ክሌም። ወደ እሷ የደወለልኝ ኦጊ ነው።

«ክሌም?» አለች ሮዝ። «ጣራ ላይ ሆኖ አንቴና እየሰደበ ነው። ልጥራው?»

«አይ፣ ተይው» አልኳትና ስልኩን ለኦጊ አቀበልኩት።

ኦጊ ሳቁና ለቅሶው ተደባለቀበት። «ይሄ ሰውዬ መሞት እንኳ በወጉ አይችልም! በይ እንግዲህ ጥብሴን ልውሰድ።»

«ንካውና እጅህን ታጣለህ!» አልኩት። አብረን በላነው።

ከዚያ ጣቢያው ሄድኩ። ቶሊቨር ጆሮው ድረስ ቀልቷል። «ወይዘሮ ሃውዘር፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር። እናስፍቀው?»

ግንበኛው ግን መፋቅ ጠባሳ ይተዋል አለ። መገጣጠሚያውን ፈልፍሎ ጡቡን አወጣና ገለበጠው። ጀርባው ከምድጃ እንደወጣ ንጹሕ ነው። ቶሊቨር ምስማር ዘረጋልኝ፦ «እርስዎ ይጻፉለት።»

«አልጽፍለትም» አልኩት። «ሰውየው እጅ አለው።»

የማማውን በር እስከ ኖቬምበር አጋማሽ ሊያቆዩልኝ ቃል ገብተዋል። ከዚያ በኋላ ኖራው ውርጭ አይችልም፤ በሩ ይደፈናል፣ ያንተ ጡብ ባዶውን ይቀራል።

የመጨረሻ የሥራ ቀንህ «ገና አልጨረስኩም» ብለህ ማማው ውስጥ ሳትገባ ወጣህ። ከዚያ ለሁለት ሳምንት ብለህ ሄድክ፤ ይኸው ሦስተኛ ክረምት መጣ። አልወቅስህም። ያንን ሁሉ ጭስ የዋጥከው አንተ ነህ።

ስም መጫር አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ከዚያ ወደ ሮዝ መመለስ ትችላለህ። ከፈለግህ ማለቴ ነው። ለማንኛውም በአንተ በኩል ያለውን አንሶላ ቀይሬዋለሁ።

እግዚአብሔር እስትንፋስህን ያርዝምልህ፣ መንገዱንም ያቅናልህ።

ሚስትህ
ቨርና