ለሃይላይ ሬዲዮ ያልፈረምኩበት ምክንያት

መቐለ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2012 ዓ.ም.

ይድረስ ደሴ ለሚገኘው ባለቤቴ ለፈንታሁን፤

ጤና እንዴት ይዞሃል? እህትህስ ወጡ ላይ አሁንም ጨው ታበዛለች? እኔ ደህና ነኝ። ዓይኔን ዓይደር ሆስፒታል ሄጄ ታይቼ በአዲስ መነጽር ነው የምጽፍልህ፤ ስለዚህ በደንብ ሳታይ ጻፈች የሚል ማመካኛ እንዳታቀርብ።

የፈቃድ ወረቀትህ ደርሶኛል። ያደረሰኝ ሃይላይ ነው። አንተ በስልክ እንጂ በዓይን አታውቀውምና ልንገርህ። ሮማናት አደባባይ አጠገብ ሞባይል የሚጠግን፣ ፀጉሩ ያለጊዜው የሳሳ ሰውዬ ነው። ከሱቁ ጀርባ ባለች ጓዳ ግድግዳው ላይ የስፖንጅ ፍራሽ ለጥፎ በኢንተርኔት ሬዲዮ አቋቁሜያለሁ ይላል። ከጠዋት እስከ ማታ ክራር ብቻ ነው የሚያጫውተው። አድማጮችህ ስንት ናቸው ብዬ ብጠይቀው ስልኩን ገልበጥ አድርጎ አየና፣ እንደ እናቱ እየጠራኝ፣ "ኣደይ፣ ዛሬ ትንሽ ቀንሰዋል" አለኝ። አንድ ሚኒባስ አይሞሉም። እሱ ግን በየሰዓቱ "በመላው ዓለም የምትገኙ አድማጮቻችን" እያለ ሰላምታ ያቀርባል። በመላው ዓለም!

ዘፈን የሚያገኘው ባለቤቱን ራሱን እየለመነ ነው። በመሀል አሳታሚ የለም፣ ደላላ የለም። ዘፋኙ አንድ ገጽ ላይ ፈቅጃለሁ ብሎ ይፈርማል፣ ሃይላይ ያጫውታል። አሠራሩን አልነቅፍም። የሚያሳፍሩት ፈራሚዎቹ ናቸው። እዚያ ተቀምጬ ሳለሁ ከቁሓ ሁለት ጎረምሳ ክራር ደርዳሪዎች መጡ። ሃይላይ አንብቡት ብሎ ወረቀቱን ሰጣቸው። አንዱ "ወንድሜ፣ የት ጋ ነው የምፈርመው?" አለ። ሌላው "ቆይ፣ ስፈርም ፎቶ አንሳኝ፣ ፌስቡክ ላይ እለጥፈዋለሁ" አለ። ምን ላይ እንደምትፈርም ታውቃለህ ብዬ ብጠይቀው፣ "ማዘር፣ ሬዲዮ ላይ ነዋ!" ብሎ ሳቀብኝ። እኛ በአዳሪ ትምህርት ቤት ሳለን ያላነበብነው ነገር ላይ ስማችንን መጻፍ ያስገርፈን ነበር። እነዚህን የገረፋቸው የለም።

ከሁሉም የባሰው ግን ያንተ ነው። "የክራሩንና የአንደኛውን ድምፅ ድርሻ በነጻ እንዲተላለፍ ፈቅጃለሁ። ግጥሙና ሁለተኛው ድምፅ የወይዘሮ ፍሬወይኒ ስለሆነ፣ እሳቸው ሳይፈቅዱ እንዳይተላለፍ።" እሳቸው! ከእኔ ጋር ልጅ ወልዶ ያሳደገ ሰው ስለ እኔ ሲጽፍ እሳቸው ይላል። ለማዘጋጃ ቤት የምታመለክት መሰለህ እንዴ?

ሃይላይ የላክህለትን ዘፈን አሰማኝ። የልጃችን የኣዳነች ልጅ ክርስትና የተነሣ ዕለት፣ ሳሎናችን ውስጥ በስልክ የተቀዳው ነው። እንደ ልማድህ ክራሩን ለራስህ ጉሮሮ አውርደህ ቃኝተኸዋል፤ እኔ ጉድጓድ ውስጥ ሆኜ የምዘፍን እመስላለሁ። እሱስ ይሁን። ሁለተኛውን አንጓ ጨርሰህ ሦስተኛው ሲጠበቅ፣ ተመልሰህ ያንኑ ሁለተኛውን ደገምከው። ሁለተኛው ወንድየው የሚያማርርበት ነው። ሦስተኛው ሴትየዋ የምትመልስበት ነው። ስለዚህ በአንተ ቅጂ ወንድየው ሁለት ጊዜ አማርሮ ይጨርሳል፣ ሴትየዋ ምንም ሳትመልስ ዘፈኑ ያልቃል። ያን ዕለት ወዲያው ነገርኩህ። በእንግዳ ፊት ተናገርሽኝ ብለህ አኮረፍክ። የተሳሳትከው በእንግዳ ፊት ነው፤ ታዲያ የት ሄጄ ልንገርህ? በሳምንቱ እህቴ ታማለች ብለህ ደሴ ሄድክ። እህትህ ከዳነች ቆየች።

ሃይላይን አልፈርምም፣ ዘፈኑ ጎዶሎ ነው አልኩት።

"ኣደይ፣ ማንም አያውቅም እኮ።"

"እኔ አውቃለሁ።"

"የሦስተኛው አንጓ ግጥም ምን ይላል?"

"እሱ አንተን አይመለከትህም።"

ራሱን አሻሸና እንግዲያው እንደገና እንቅዳው አለ። ረዳኢ የሚባል ክራር ደርዳሪ ጠራ። ስለ ረዳኢ እውነቱን ልንገርህ፤ ከአንተ በብዙ ይበልጣል። ጣቱ ንጹሕ ነው፣ ቅኝቱ አይወርድም፣ ከምቱ ዝንፍ አይልም። የመልሱ ተራ ሲደርስ በትክክል መንገዱን ከፈተልኝ። እኔ ግን አልገባሁም። ደገመልኝ፤ አሁንም ዘገየሁ። "ኣደይ፣ ምን እየጠበቁ ነው?" አለኝ በትሕትና።

ምን እየጠበቅሁ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። አንተ ከእኔ ተራ በፊት ሁልጊዜ ትንፋሽ ትስባለህ፣ ምቱም አብሮህ ይቆማል። ስህተት ነው። ስህተት መሆኑን ዛሬም እላለሁ። ግን ይህን ሁሉ ዓመት የአንተን ስህተት ስጠብቅ ኖሬ፣ በትክክል የሚደረድር ሰው ሲገኝ የምሳሳተው እኔ ሆንኩ። ሃይላይና ረዳኢ "አይዞዎት፣ በዕድሜ ነው" እያሉ ሊያጽናኑኝ ሞከሩ። በዕድሜ! አሳፈርከኝ፣ ፈንታሁን።

እንግዲህ የእኔ ፈቃድ ይኸው። የክርስትናው ዕለት ቅጂ እንዳይተላለፍ ከልክያለሁ። ሦስቱም አንጓ በሥርዓቱ ሲቀዳ ግን፣ ያችን ሚኒባስ ለማይሞሉ ሰዎችም ቢሆን እፈርማለሁ። ሃይላይ ጓዳዋ ጠዋት ጠዋት ነጻ ናት ብሏል። ረዳኢን አመስግኜ አሰናብቼዋለሁ።

ቆቦ ላይ መንገድ ይዘጋል ሲሉ እሰማለሁ። ጡረታ እስክትወጣ መንገድ ስትሠራ የኖርክ ሰው ነህና ይህን ምክንያት ለእኔ እንዳታመጣው። በአፋር በኩል ዞረው የሚመጡ አሉ።

ከመነሣትህ በፊት ሦስተኛውን አንጓ አጥና። ረስተኸው ከሆነ በደብዳቤ አልጽፍልህም። ደውለህ ጠይቀኝ፤ እስክትይዘው ድረስ ቃል በቃል እነግርሃለሁ።

እግዚአብሔር ጤናውን ይስጥህ፣ ጣቶችህንም ይጠብቅልህ፤ ለእህትህም ዕድሜ ይስጣት።

ፍሬወይኒ